የማይታረም የተባለው ልጅ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤብ ሩት ነው። ቤዝቦል ባታዩም ስሙን የሆነ ቦታ ሳትሰሙት አትቀሩም። አሜሪካኖች ስለ እሱ የሚያወሩት እኛ ስለ አበበ ቢቂላ በምናወራበት ድምፅ ነው። ከሞተ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን አሁንም ዝም ብሎ አልተቀመጠም።

እኔን የሳበኝ ግን የመታቸው ኳሶች ብዛት ብቻ አይደለም። የሳበችኝ በልጅነት መዝገቡ ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል ናት። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1902 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በባልቲሞር ከተማ ለአንድ የታጠረ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ሰው አልገደለም፣ ቤት አላቃጠለም። የተሰጠበት ምክንያት «የማይታረም» የሚል ነው። በሰባት ዓመቱ! ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝና እንቀጥል።

መጀመሪያ ቤዝቦልን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ገና ጨዋታን አስቡ፤ ዱላ አለ፣ ኳስ አለ። ልዩነቱ በቤዝቦል ኳሷ መሬት ለመሬት አትነዳም፤ ወርዋሪው ወደ መቺው በኃይል ይለቃታል። መቺው በዱላው ካገኛት በኋላ አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ ነጥብ ነው። ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ ከላካት ደግሞ በቃ፣ የሚያቆመው የለም፤ ተዝናንቶ ዞሮ ይገባል። ይህ ሆም ረን ይባላል። ቤብ ሩት ማለት ሆም ረን ማለት ነው።

ሙሉ ስሙ ጆርጅ ኸርማን ሩት ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1895 በባልቲሞር፣ በእናቱ አባት ቤት ነው። ሰፈሩ ከወደቡ ብዙ የማይርቅ የሠራተኞች ሰፈር ነበር፤ መርከበኛው፣ ጋሪ ነጂው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው የሚተራመስበት። አባቱ መጠጥ ቤት ነበራቸው። እናቱ ደግሞ ሕመምተኛ ነበሩ። ከወለዷቸው ስምንት ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጆርጅና ታናሽ እህቱ ሜሚ። ስድስት ልጅ የቀበረ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አባትና እናት ከጠዋት እስከ ሌሊት በመጠጥ ቤቱ ሥራ ተጠምደዋል። ልጁ ያደገው መንገድ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ይጠፋል፣ ትምባሆ ያኝካል፣ ከብርጭቆ የተረፈ ቢራ ይቀምሳል፣ በጋሪ ነጂዎች ላይ ያገኘውን ይወረውራል። ዛሬ ብንሆን ይህን ልጅ የሚያየው የለም እንል ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ችግሩ የልጁ ጠባይ ነው ተባለ።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ማውራት አለብኝ፤ ያለዚያ የዚህ ልጅ ታሪክ አይገባም።

በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ልጅና አዋቂ በአንድ ፍርድ ቤት ቆመው በአንድ እስር ቤት ይታሰሩ ነበር። ይህ ያስጨነቃቸው በጎ አድራጊዎች በ1825 ኒውዮርክ ላይ ለልጆች ብቻ የተለየ ማረፊያ ከፈቱ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ልጁን ከአዋቂ ወንጀለኛ እንለየው፣ እናስተምረው፣ የእጅ ሥራ እናስለምደው ነው። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ነገር ግን ማረፊያው በር አለው፣ በሩም የሚቆለፈው ከውጭ ነው።

ታዲያ በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ፊላዴልፊያ ውስጥ አንድ ነገር ተከሰተ። ሜሪ አን ክራውስ የምትባል ልጅ በእናቷ አመልካችነት አስቸጋሪ ናት ተብላ እንዲህ ዓይነት ማረፊያ ገባች። አባትዬው ልጄ ያለ ፍርድ ታስራለችና ትፈታልኝ ብለው ከሰሱ። የፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። ቦታው ትምህርት ቤት እንጂ እስር ቤት አይደለም፤ ወላጅ ማሳደግ ካቃተው መንግሥት በወላጅ ቦታ ይተካል ሲል ወሰነ። ይህች አስተሳሰብ ከ100 ዓመት በላይ የአሜሪካን የወጣቶች ፍትሕ ስትመራ ኖራለች። መንግሥት አባት ከሆነ ልጅ ጠበቃ ምን ያደርግለታል? ከአባቱ ጋር ማን ይሟገታል? ክርክሩ ይኼው ነበር።

በ1899 ደግሞ የኢሊኖይ ግዛት በዓለም የመጀመሪያውን ለልጆች ብቻ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ቺካጎ ላይ ከፈተ። እዚያ ክስ የሚባል ነገር የለም፤ አቤቱታ ነው የሚባለው። ጥፋተኛ አይባልም፤ እርዳታ ያስፈልገዋል ይባላል። ቅጣት አይባልም፤ እንክብካቤ ይባላል። ዳኛው ልክ እንደ አባት ከልጁ ጋር ይነጋገራል ተብሎ ታሰበ። በ1925 ከሁለት ግዛቶች በስተቀር ሁሉም ይህን ተከትለዋል። ቃላቱ ለስልሰዋል፤ የሚቆለፈው በር ግን እንዳለ ነበር።

ትንሹ ጆርጅ የገባው በዚህ ዘመን መካከል ነው። ቅድስት ማርያም የወንዶች ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት ይባላል፤ የሚያስተዳድሩት ዛቬሪያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ወንድሞች ናቸው። የቆመው በ1866 ነው። 800 ያህል ልጆች ነበሩበት። ከፊሉ ወላጅ አልባ፣ ከፊሉ ድሃ፣ ከፊሉ ፍርድ ቤት የላከው፣ ከፊሉ እንደ ጆርጅ ወላጅ የሰጠው። የሰረቀውም እናቱ የሞተችበትም እዚያው በረድፍ አልጋ ይተኛሉ፣ በደወል ይነሣሉ፣ በሰልፍ ይበላሉ።

ጆርጅ የመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ እንደገና ገባ። ወጣ፣ ገባ። እንዲህ እያለ እስከ 1914 ድረስ፣ 12 ዓመት ያህል አለፈ። የልጅነቱን አብዛኛውን ክፍል የበላው ያ ግቢ ነው። እናቱ በ1912 ሲሞቱ እሱ ገና ጎረምሳ ነበር።

በግቢው ልብስ ስፌት ተማረ፤ የሸሚዝ ኮሌታ ይሰፋ ነበር። ጎበዝ ሰፊ ወጣው ይባላል። በኋላ ሀብታም ከሆነ በኋላ እንኳ የሸሚዙን ኮሌታ ራሱ ይጠግን ነበር የሚሉ አሉ።

ሕይወቱን የቀየረው ግን ስፌቱ አይደለም። አንድ ሰው ነው።

ብራዘር ማታያስ ይባላሉ። ከካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ የመጡ ግዙፍ መነኩሴ ናቸው፤ ቁመታቸው ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የግቢውን ሥነ ሥርዓት የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ግን ጩኸት አያውቁም ይባላል። ዝም ብለው ብቅ ካሉ ግቢው ጸጥ ይላል። ማታ ማታ ሜዳ ላይ ወጥተው በአንድ እጃቸው ዱላ ይዘው ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካሉ፤ ልጆቹ ሊይዟት ይሯሯጣሉ። ጆርጅ አፉን ከፍቶ ያያቸው ነበር። አመታቱን ብቻ ሳይሆን አረማመዳቸውን ጭምር ቀድቷል ይባላል፤ ያቺ አጠር አጠር እያለች ውስጥ ለውስጥ የምትገባ እርምጃው በኋላ በመላው አሜሪካ ታዋቂ ሆናለች።

ሰውዬው ለልጁ ጊዜ ሰጡት። ማንበብና መጻፍ አበረቱት፣ ኳስ አሠለጠኑት። ግራኝ ነበርና ለግራኝ የሚሆን ጓንት አልነበረም፤ ለቀኝ እጅ በተሠራው ጓንት በግራ እጁ ኳሷን ይይዝና ጓንቱን ጥሎ በዚያው በግራው ይወረውራል። በአንድ ወቅት በጣም ጎበዝ የነበረበት ቦታ ከመቺው ጀርባ ቁጭ ብሎ መያዝ ነበር። አንድ ቀን በወርዋሪው ሲስቅ ግን ብራዘር ማታያስ እስቲ አንተ ሞክረው ብለው አስነሡት። እንዲያ ነው መወርወር የጀመረው።

ፌብሩዋሪ 1914 ጃክ ደን የሚባል የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን ባለቤት መጣ። ልጁን አየው፣ ለአንድ የጨዋታ ዘመን 600 ዶላር ሊከፍለው ፈረመ። አንድ ችግር ነበር፤ ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በትምህርት ቤቱ ሥር ነው። መፍትሔው ደን ሕጋዊ ሞግዚቱ እንዲሆን ሆነ። አስቡት፤ ከእንክብካቤ ወደ ሥራ ሲዛወር አለቃውና አሳዳጊው አንድ ሰው ሆነ! የቡድኑ ነባር ተጫዋቾች ይህን ሲያዩ የደን ሕፃን መጣ ብለው ሳቁበት። «ቤብ» የሚለው ስም ከዚያ ነው የወጣው።

ከግቢው ሲወጣ 19 ዓመቱ ነው። ወደ ሰሜን ካሮላይና ለልምምድ ሲሄድ በሆቴሉ አሳንሰር ተደንቆ ሲወጣና ሲወርድ ዋለ ይባላል። በመጀመሪያ ደሞዙ ደግሞ ብስክሌት ገዛ። አንድ ሰው 12 ዓመት ካጠሩት፣ አጥሩ ሲነሣ ዓለም እንዲህ ታስደንቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ለቦስተን ሬድ ሶክስ ተሸጠ። በወርዋሪነት በ1916 ብቻ 23 ጨዋታ አሸነፈ። ቦስተን በ1915፣ በ1916 እና በ1918 ሻምፒዮን ሲሆን እሱ እዚያ ነበር። በሻምፒዮናው ጨዋታዎች 29 ተኩል ዙር ከሚበልጥ ተከታታይ ውርወራ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥርበት ቆየ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1961 ድረስ አልተሰበረም። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በሚታወቅበት ሥራው ሳይሆን በመወርወር ነው።

ነገር ግን ወርዋሪ በየቀኑ አይጫወትም። የሩት ዱላ ደግሞ በየቀኑ የሚያስፈልግ ሆነ። በ1919 ብዙውን ጊዜ እንዲመታ ሲደረግ 29 ሆም ረን አስቆጠረ፤ አዲስ ክብረ ወሰን። የቦስተኑ ባለቤት ግን ገንዘብ አስፈልጎት ነበርና በ100,000 ዶላር ለኒውዮርክ ያንኪስ ሸጠው። ቦስተን ከዚያ በኋላ እስከ 2004 ድረስ ሻምፒዮን አልሆነም፤ 86 ዓመት! ሰፈርተኛው እርግማን ነው ሲል ኖረ።

በ1920 ሩት ለያንኪስ 54 ሆም ረን መታ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ላይነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ላስረዳ፤ በዚያ ዓመት በእሱ ሊግ ውስጥ ከያንኪስ በስተቀር የትኛውም ቡድን፣ ሙሉ ቡድን ተሰብስቦ፣ እሱ ብቻውን የመታውን ያህል አልመታም። በሚቀጥለው ዓመት 59፣ በ1927 ደግሞ 60። ያቺ 60 ለ34 ዓመት ማንም አልደረሰባትም። ያንኪስ በ1923 ያስመረቀው ግዙፍ ስታዲየም እሱን ለማየት በሚመጣው ሕዝብ ገንዘብ ስለቆመ ሩት የሠራው ቤት የሚል ስም ወጣለት።

መልአክ እንዳላስመስለው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያመሻል፣ መኪና ያበራል። በ1921 ኒውዮርክ ላይ በፍጥነት ሲነዳ ተይዞ 100 ዶላር ተቀጥቶ የቀኑን ክፍል ታሰረ፤ ከእስር ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳ ነው የሄደው። በ1925 ከአሠልጣኙ ጋር ተጋጭቶ 5,000 ዶላር ተቀጣ። ትዕዛዝ አይወድም ነበር። በደወል ያደገ ሰው ደወል ቢጠላ አይገርመኝም።

ግን ያንን ግቢ አልረሳውም። በ1919 ትምህርት ቤቱ በእሳት ሲቃጠል፣ በ1920 የልጆቹን የሙዚቃ ባንድ ከያንኪስ ጋር በየከተማው ይዞ ዞሮ ለማሠሪያ ገንዘብ አሰባሰበ። ለብራዘር ማታያስ ካዲላክ መኪና ገዛላቸው። መኪናዋ ባቡር ገጭቷት ስትወድም ሌላ ገዛላቸው።

በ1934 ወደ ጃፓን ለመሄድ ፓስፖርት ሲያወጣ አንድ ነገር ተገለጠለት። የልደት ማስረጃው ሲመጣ፣ እስከዚያ ድረስ የተወለድኩበት ነው ብሎ ከሚያምነው ቀን አንድ ዓመት ያህል ወጣት ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ዝነኛው ሰው ዕድሜውን በትክክል ያወቀው 39 ዓመት ሆኖት ነው። ልጅን ከቤቱ ስታወጡት አልጋውን ብቻ አይደለም የምታሳጡት፤ መቼ እንደተወለደ የሚነግረውን ሰውም ነው።

በ1935 ጫማውን ሰቀለ። ከመሰናበቱ ቀናት በፊት ፒትስበርግ ላይ በአንድ ጨዋታ ሦስት ሆም ረን መታና ድምሩን 714 አደረሰ። ይህን ቁጥር ሃንክ አሮን እስከሚያልፈው ድረስ 39 ዓመት ቆየ። በ1936 ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ከገቡት የመጀመሪያ አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። አሠልጣኝ መሆን አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ የቀጠረው ግን የለም።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ብዙ ሰው አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል፤ አያችሁ፣ ጥብቅ ቦታ አስገቡት፣ ሰው ሆነ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ በግቢው 800 ልጆች ነበሩ። አጥሩ፣ ደወሉና ሰልፉ ለሁሉም እኩል ነበር። አጥር ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ 800 ቤብ ሩት እናውቅ ነበር። ለዚህ ልጅ የተለየው ነገር ጊዜውን የሰጠው አንድ አዋቂና የሚወደው አንድ ጨዋታ ነው። ሁለቱንም ለመስጠት ደግሞ ልጅን መቆለፍ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ልጅ ያንን ግቢ እንኳ አላገኘም። በዚያው በሜሪላንድ ጥቁር ልጆች የሚላኩት ቸልተናም ወደሚባል ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ የሞቱ በርካታ ልጆች ስም በሌለው መቃብር ጫካ ውስጥ ተቀብረዋል። ሕጉ ለሁሉም አባት ነኝ ይል ነበር፤ ልጆቹን ግን በቀለም ይለይ ነበር። ሩት ከነተሰጥኦው ጥቁር ሆኖ ቢወለድ ኖሮ በዚያ ሊግ አንድም ቀን አይጫወትም ነበር፤ በሩ ለጥቁሮች የተከፈተው በ1947 ነው።

ሦስተኛ፣ ራሱ የአሜሪካ ሕግ ሐሳቡን ቀይሯል። ይህ የሆነው በሌላ ልጅ ነው። በ1964 አሪዞና ውስጥ ጄራልድ ጎልት የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ነውር ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ የነገራቸው የለም። ጠበቃ አልነበረውም። ከሳሿ ሴት ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ዳኛው 21 ዓመት እስኪሞላው ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ላከው፤ እስከ ስድስት ዓመት ማለት ነው። አዋቂ ሰው ያንኑ ቢያደርግ ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም ሁለት ወር እስር ነበር።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1967 ፍርድ ቤቱ ልጅም ሰው ነው ለማለት የሚቀርብ ውሳኔ ሰጠ። የተከሰሰበትን ነገር አስቀድሞ ማወቅ፣ ጠበቃ ማግኘት፣ ምስክሮችን መጠየቅ፣ በራሱ ላይ አለመመስከር መብቱ ነው ተባለ። በ1974 ደግሞ የወጣው ፌዴራል ሕግ ግዛቶች አዋቂ ቢያደርገው ወንጀል በማይሆን ነገር፣ ከትምህርት ቤት በመጥፋት ወይም ወላጅን ባለመታዘዝ፣ ልጆችን መቆለፍ እንዲተዉ ገፋፋ።

ዛሬ በአሜሪካ ልጅ ሲያዝ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ ባለሙያ ጉዳዩን ያያል፤ ቀላል ከሆነ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በምክር፣ በካሳ ወይም በማኅበረሰብ ሥራ ይዘጋል። ካልሆነ አቤቱታ ይቀርባል፣ ዳኛ ማስረጃ ይሰማል። አድርጓል ከተባለ ሌላ ቀጠሮ ተይዞ ምን እንደሚበጀው ይወሰናል። አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሆኖ የአመክሮ ሠራተኛ ይከታተለዋል፤ ተቋም መግባት የመጨረሻው ነው። ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም፤ ዛሬም እንደ አዋቂ የሚዳኙ ልጆች አሉ። ግን የሰባት ዓመቱ ጆርጅ ዛሬ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጥ ነበር። ምን አጠፋ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ማን አለው ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

የሩት መጨረሻ አሳዛኝ ነው። ካንሰር ጉሮሮውን ያዘው፤ ድምፁ ሻከረ፣ ያ ግዙፍ ሰውነት ከሳ። በ1948 የያንኪ ስታዲየም 25ኛ ዓመት ሲከበር ማሊያውን ለብሶ፣ ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ሜዳው ላይ ቆመ። 3 ቁጥሩን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ተወሰነ። ቀኑ ጁን 13 ነበር፤ በ1902 «የማይታረም» ተብሎ ከተሰጠ ልክ 46 ዓመት። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦገስት 16፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ በስታዲየሙ ሲቀመጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ ተሰናበተው። ያሳደገው ትምህርት ቤትም በ1950 ተዘጋ።

እኔ ስለ ሩት ሳስብ ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ይታዩኛል። አንደኛው 714 ይላል፣ ሌላኛው አይታረምም ይላል። ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው። ሁለተኛውን የጻፈው ሰው ክፉ ነበር ብዬ አላምንም፤ ምናልባት የደከመ ሰው ነበር፣ ምናልባት ብዙ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮበት። ልጅን በአንዲት ቃል መዝጋት ለደከመ ሰው ይቀላል። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገ መምህር፣ ፖሊስ፣ ዳኛ ወይም ወላጅ የምትሆኑት፣ ያቺን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ቆም በሉ። የተሰጠው ልጅ ሁሉ እንደ ሩት ዱላ ይዞ ተመልሶ አያስተባብላችሁም። የቀሩትን 799 ልጆች ስም የሚያውቅ ማን አለ?